የንጉሡ ልጅ የክርስትና ቀሚስ

ጠጋ በሉ ልጆች። ተረት እግር የላትም፤ የምትሄደው በሰው ጆሮ ነው። ጆሯችሁን ታውሷታላችሁ? እንግዲያስ ተነሥታለች፤ ተከተሏት።

በዱሮ ዘመን፣ ድርማ በምትባል ብርዳም የደጋ አገር፣ አንጓች የምትባል ጥልፍ ጠላፊ ትኖር ነበር። ባሏ ሸማኔ ነበር፤ ሞቶባታል። ልጅ አልወለደችም። የነበራት አንዲት ጎጆ፣ አንዲት መርፌ፣ ከደጇም የቆመ አንድ ትልቅ ወይራ ነው። ጠዋት ጠዋት ከወይራው ሥር ትቀመጣለች። ነጭ ሸማ ከጭኗ ላይ ትዘረጋለች። ትጠልፋለች። ሲመሽባት ትነሣለች።

ያ አገር አንድ ልማድ ነበረው። የድርማ ሰዎች፣ «ሰው ሦስት ጊዜ በሰው እጅ ይለብሳል» ይሉ ነበር። ሲመጣ፣ ሲጣመር፣ ሲሄድ። ሲመጣ የክርስትና ቀሚሱን፣ ሲጣመር የሰርግ ልብሱን፣ ሲሄድ መግነዙን። እነዚህን ማንም ለራሱ አይሰፋም። ማንም አይሸጥም፤ ማንም አይገዛም። ስጦታ ናቸው።

ጥጥ በድርማ አይበቅልም፤ ከሩቅ ቆላ በአህያ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ቤት ብቻውን ልብስ አይችልም። ልጅ ሲወለድ ዘመድ ይወጣና በየጎረቤቱ ደጅ ይቆማል። «ልጅ ተወልዶልናል፣ አንድ ክር» ይላል። የቤቲቱ እመቤት አንድ ክር መዝዛ ትሰጣለች፤ ስትሰጥም ትመርቃለች። ሀብታሙም እንዲሁ ይለምናል። ድኻውም እንዲሁ ይለምናል። ሙሽራም ቢሆን፣ ሬሳም ቢሆን ልማዱ ይኸው ነው። የተለመነው ክር መጨረሻው አንጓች ዘንድ ነው። ነጩ ተሸምኖ ይመጣላታል፤ ባለቀለሙን እሷ ከደረቱ ላይ መስቀል፣ ከጠርዙ ላይ ሐረግ አድርጋ ትጠልፈዋለች።

እንግዲህ ከአንጓች ጎጆ ዝቅ ብሎ የዝና የምትባል ወጣት ከባሏ ጋር ትኖር ነበር። የዝና ጥቅምት ሲገባደድ ሴት ልጅ ወለደች። ስንዱ አለቻት። ገና ከአራስ ቤት ሳትወጣ አንጓችን አስጠራቻት።

«እትዬ አንጓች፣ የስንዱ ክርስትና እናት እንዲሆኑልኝ ነው» አለቻት።

«ዘመድ የለሽም ወይ ልጄ?»

«ዘመድስ አለኝ። የምፈልገው ግን እርስዎን ነው።»

አንጓች ሕፃኗን ተቀብላ ታቀፈቻት። በዕድሜዋ ስንቱን የሰው ልጅ አልብሳለች፤ «ልጄ» ብላ ያለበሰችው ግን አንድም አልነበረም። የሕፃኗ ጡጫ በጣቷ ዙሪያ ሲጨበጥ ተሰማት።

«እንግዲያስ ቀሚሷን እኔ ነኝ የምለምንላት» አለች።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ጊዜ ነበራት። አንጓች በየደጁ ዞረች። «ልጅ ተወልዶልኛል፣ አንድ ክር» አለች። ሰዎቹ ይህን ቃል ከሷ አፍ ሰምተው አያውቁም ነበርና እያቀፉ ሰጧት። አንዷ ከሰርጓ ያስቀረችውን ቀይ ሐር አመጣችላት። አንጓች ያን ቀይ ሐር ለመስቀሉ አኖረችው። ከዚያ ወዲያ ከወይራው ሥር ተቀምጣ ስትጠልፍ ያየ ሁሉ «አንጓች ዘንድሮ ወጣት ሆነች» ይል ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በልደት ሰሞን፣ ከተራራው ራስ ካለው ግቢ ነጋሪት ተመታ። የአገሩ ንጉሥ ብዙ ዘመን ልጅ አጥቶ ኖሮ ነበር። ለስንት ታቦት ተስሏል። ንግሥቲቱ አሁን ሴት ልጅ ወለደችለት። ንጉሡ ከደስታው ብዛት የሚሆነውን አጣ። «ልጄ ክርስትና ስትነሣ የምትለብሰው ቀሚስ ከአገሬ ልብስ ሁሉ ይበልጣል» አለ።

አንድ ሽማግሌ፣ «ጃንሆይ፣ ልማዱ ክር መለመን ነው። ማንን እንላክ?» አለው።

«ንጉሥ ይወስዳል እንጂ አይለምንም» አለ ንጉሡ።

አዋጅም አስነገረ። «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። በአገሬ ያለ ክር ሁሉ፣ ነጩም ባለቀለሙም፣ ጥጡም ሐሩም ወደ ግቢ ይግባ። የንጉሥ ልጅ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ማንም ሸማ አይሸምን። ማንም ጥልፍ አይጥለፍ።»

ክሩን እንዲሰበስብ የታዘዘው አዛዥ ድልነሳው ነበር። ድልነሳው ዓይኑ ያየውን እጁ የማይምር ሰው ነው። ጭፍሮቹን አስከትሎ በየቤቱ ገባ። ልቃቂቱን ሰበሰበ። እንዝርት ላይ ያለውን ጭምር ገፈፈ። ለሙሽራ የተቀመጠውን ወሰደ። ለመግነዝ የተቀመጠውን ወሰደ። አዲስ ጋቢ ሲያይም «ይህም ያው ክር ነው» እያለ ወሰደ። ከሰበሰበው እኩሌታው ወደ ንጉሡ ግቢ ሄደ። እኩሌታው ወደ ድልነሳው ጎተራ ሄደ። ይህን ግን ንጉሡ አላወቀም።

አንጓች ጋ ሲደርስ የስንዱ ቀሚስ ከጭኗ ላይ ነበር። የቀራት የመስቀሉ አንድ ክንፍ ነው።

«ይህ ምንድር ነው?» አላት።

«የሕፃን ቀሚስ ነው ጌታዬ። ክርስትናዋ ደርሷል።»

«አዋጁን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ይህ ግን ክር መሆኑ ቀርቷል፤ ልብስ ሆኗል።»

«ልብስም ሲተረተር ክር ነው» አለና ከጭኗ ላይ መንጭቆ ወሰደው። ከየዝና ቤትም ሕፃኗ የምትጠቀለልበትን ጋቢ ወሰዱ።

የስንዱ ክርስትና ቀን ውርጭ ጣለ። ሣሩ ነጭቶ አደረ። ጎህ ሲቀድ አንጓች ሕፃኗን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ካህኑ በስመ ሥላሴ አጠመቋት። ከውኃው ስትወጣ የሚያለብሷት አልነበረም። በአባቷ አሮጌ ነጠላ ጠቀለሏት፤ ነጠላው ከመሳሳቱ የተነሣ የሕፃኗ ገላ በውስጡ ይታይ ነበር። አንጓች ወደ ደረቷ ልጥፍ አድርጋ፣ በራሷ ቀሚስ ሸፍና፣ እየሮጠች ወደ ቤት አገባቻት። እሳት አነደዱ። እጅ እጇን አሹ። ብርዱ ግን ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። ስንዱ ማሳል ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላት ሞተች።

መግነዝም አልተገኘም። አንጓች የራሷን ነጠላ ከሁለት ቀደደች። ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ ሕፃኗን አለበሰቻት። ባለቀለም ክር ስላልነበረ ጥልፍ አልጠለፈችበትም። «ልጄ» ብላ ያለበሰቻት ልብስ ያ ነው።

የዝና አልጮኸችም። በደጇ ተቀምጣ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ለቀስተኛው ሲመጣም ሲሄድም እንዲያው ነበረች።

ሐዘኑ ገና ሳይወጣ የንጉሡ መልክተኞች ወደ አንጓች መጡ። «ንጉሡ ይፈልጉሻል፤ የልዕልቲቱን ቀሚስ አንቺ ነሽ የምትጠልፊው» አሏት። አንጓች መጀመሪያ ያሰበችው እጇን ለመሠዋት ነበር። «አልሰፋም» ልትል፣ ቢቆርጡትም ይቁረጡት ልትል። ኋላ ግን አሰበች። እኔ እንቢ ብል ሌላ ይሰፋል፤ ክሩም እዚያው ይቀራል፤ የሚመጣውም ሕፃን እንደ ስንዱ ይበርደዋል። መርፌዋን ከግድግዳው ላይ ነቀለች። ተከተለቻቸው።

ግቢ ስትደርስ ክሩ እንደ ክምር ተከምሮ አገኘችው። ንጉሡ ከአጠገቡ ቆሞ ነበር።

«የሚጎድልሽ የለም» አላት። «የእጅሽን ጥበብ ሁሉ አሳዪኝ።»

አንጓች እጇን ወደ ክምሩ ሰደደች። ቀይ ሐር በእጇ ገባ። ተተርትሮ ተጠማዟል፤ መርፌዋ ያለፈበት ግን ያስታውቃል። የስንዱ መስቀል ነበር። እጇ ቆመ።

«ምን ሆንሽ?» አላት ንጉሡ።

«ምንም አልሆንኩ ጃንሆይ» አለች። ተቀመጠች፤ መጥለፍም ጀመረች።

የመጀመሪያው ቀሚስ ሲያልቅ ያላደነቀ አልነበረም። መስቀሉ ከሩቅ ያበራል፤ ሐረጉ ጠርዙን ዞሮ ዞሮ ይገናኛል። ሞግዚቲቱ ልዕልቲቱን አለበሰቻትና አነሣቻት። ወዲያው ሐረጉ ተንሸራተተ። መስቀሉም ተመዘዘ። ክሩ ከሕፃኗ እግር ሥር ወርዶ ተከመረ። ልዕልቲቱ አለቀሰች።

«ምን አድርገሽ ነው?» አለ ንጉሡ።

«እኔስ ጠልፌ ነበር ጃንሆይ» አለች አንጓች። «ክር ግን ባለቤቱን ያውቃል። ያለ ፈቃድ የመጣ ክር መሄዱ አይቀርም።»

«እጇ ይቆረጥ» አለ አዛዥ ድልነሳው።

ንጉሡ አሰበ። «እጇን ብቆርጥ ማን ይሰፋልኛል?» አለ። «ክሩ ያለ ፈቃድ የመጣ እንደሆነ ዋጋው ይከፈል። ድልነሳው፣ ጨው ጫን፤ እህል ጫን። በየቤቱ እየዞርህ ለባለ ክሮቹ ስጥ፤ እንደገናም በፈቃዳቸው አምጣ።»

ድልነሳው ጨው ጫነ። እህል ጫነ። በቅሎዎቹን ግን ወደ ገዛ ቤቱ ነዳቸው። ጨውና እህሉን ጎተራው ውስጥ አስገባ። ወደ ሰዎቹ የሄደው ጅራፍ ብቻ ይዞ ነው። የቀረችውን ክር ነጥቆ ወደ ንጉሡ ተመለሰ። «ተቀብለው አመሰገኑ ጃንሆይ» አለ።

አንጓች ሁለተኛውን ቀሚስ ጠለፈች። ከፊተኛውም ይልቅ አማረ። ሞግዚቲቱ ልዕልቲቱን አለበሰቻት፤ አነሣቻት። ሐረጉ ተንሸራተተ፤ መስቀሉም ተመዘዘ። ልዕልቲቱ አለቀሰች።

የንጉሡ ፊት ጠቆረ። «ዋጋውን ከፍያለሁ» አለ።

«በማን እጅ ጃንሆይ?» አለች አንጓች።

ድልነሳው ወደ ፊት ራመድ አለ። ንጉሡ በእጁ ከለከለው።

«የአገራችን ልማድ ዋጋ አያውቅም» አለች አንጓች። «ልመና ነው የሚያውቀው። ልጅ የተወለደለት ሰው ሰይፉን አኑሮ በእግሩ ይሄዳል። በደጅ ቆሞ ይለምናል። ባለቤቱ ይሰጣል፤ ይመርቃል። እንደዚህ የመጣ ክር አይሄድም።»

«ንጉሥ አይለምንም» አለ ንጉሡ።

ንግሥቲቱ ከመጋረጃው በስተ ኋላ ተቀምጣ ልጅዋን ታባብል ነበር። ድምጿ ብዙም አይሰማም። ያን ጊዜ ግን ተሰማ።

«አባት ግን ይለምናል» አለች።

ንጉሡ ዘውዱን አኖረ። ሰይፉን አኖረ። ጫማውንም አወለቀ። «ድልነሳው ከኋላዬ ይምጣ» አለ። ድልነሳው «ጃንሆይ፣ እኔ ልሂድልዎ፣ እርስዎ ምን በወጣዎ» ብሎ ቢለምንም አልሰማውም። አንጓች ፊት ፊት እየመራች ተራራውን ወረዱ።

የመጀመሪያው ደጅ የአባ ጫኔ ነበር። አባ ጫኔ ያረጁ፣ ዓይናቸውም የደከመ ሰው ናቸው። ከፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ንጉሡ ቆመ። ቃሉ ከአፉ ለመውጣት ዘገየ።

«ልጅ ተወልዶልኛል» አለ። «አንድ ክር።»

«እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባ ጫኔ። «የማን ቤት ነህ አንተ?»

«የግቢው ነኝ።»

ሽማግሌው አስተውለው አዩ። አወቁት። በምርኩዛቸው ሊነሡ ሲሉ ንጉሡ ትከሻቸውን ይዞ መልሶ አስቀመጣቸው።

«አባቴ፣ ስለ ክሩ ጨውና እህል ደርሶዎታል?» አላቸው።

«ጨው?» አሉ አባ ጫኔ። «የደረሰኝስ ጅራፍ ነው። ለመግነዜ ያስቀመጥኳትንም ክር ወስደዋታል። ምን ይደረግ፤ ሞት እንደሆን ልብስህን አዘጋጅተሃል ወይ ብሎ አይጠይቅ።» ከቤታቸው አንድም ክር አልነበረምና ከለበሱት ቡልኮ ጫፍ አንዲት መዘዙ። «ያሳድግልህ» ብለው ሰጡት።

ንጉሡ ዞሮ ድልነሳውን አየው። ድልነሳው መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ንጉሡ ወደሚቀጥለው ደጅ ሄደ።

ሁለተኛው ደጅ የሽታዬ ነበር። ሽታዬ የታጨች ልጃገረድ ናት። የሰርግ ልብሷ ተወስዶባት ሰርጓ ቀርቷል። እጮኛዋም በኀፍረት ወደ ቤታቸው መምጣት ትቶ ነበር።

«ልጅ ተወልዶልኛል፣ አንድ ክር» አለ ንጉሡ። የአሁኑ ከፊተኛው ይልቅ ቀለለው፤ ልቡ ግን ከበደው።

ሽታዬ አወቀችው። እጅ ነሣች። «የኔ ሰርግ ይቆያል ጃንሆይ» አለች። «ክርስትና ግን ከቀኑ አያልፍም።» ከመቀነቷ አንድ ክር መዝዛ ሰጠችው። «እርስዎም ልጅዎን ለመዳር ያብቃዎ» አለች።

ሦስተኛው ደጅ የየዝና ነበር።

አንጓች ከደጁ ስትደርስ ወደ ኋላ ቀረች። የዝና እንደ ቀድሞው ከመድረኩ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ ሦስቱንም አየቻቸው። መጨረሻ ያየችው አንጓችን ነው።

«እትዬ፣ እርስዎም ከነሱ ጋር መጡ?» አለቻት።

አንጓች ዓይኗን ሰበረች።

«ልጅ ተወልዶልኛል» አለ ንጉሡ። «አንድ ክር።»

የዝና ባዶ እግሩን አየች። ድልነሳው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ማንም አላየውም።

«ይበርዳታል ወይ?» አለች የዝና።

«ምን አልሽ?»

«ልጅዎ። ሌሊት ሌሊት ይበርዳታል ወይ?»

«አይበርዳትም» አለ ንጉሡ። «የምትለብሰው ብዙ አላት።»

«የኔ በረዳት» አለች የዝና።

ንጉሡ ወደ ቤቱ ውስጥ አየ። ሕፃን የለም። ወደ አንጓች ዞረ። አንጓችም ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። ቀሚሱን፣ ጋቢውን፣ የክርስትናዋን ጠዋት፣ ከሁለት የተቀደደውን ነጠላ። ቀዩ ሐር የማን እንደነበረ ነገረችው። ንጉሡ ከየዝና ደጅ አፈር ላይ ተቀመጠ። ንጉሥ አፈር ላይ ሲቀመጥ ያየ በዚያ አገር አልነበረም። ጎረቤቱ በየአጥሩ ሥር ቆሞ አየ።

ኋላ ተነሣ። «አንቺን ልለምን አይገባኝም» አላትና መንገዱን ጀመረ።

«ይቆዩ» አለች የዝና።

ወደ ውስጥ ገባች። ስንዱ የተጠቀለለችበትን ያን አሮጌ ነጠላ ይዛ ወጣች። አጣጥፋ አኑራው ነበር። ከጫፉ አንድ ክር መዘዘች። ስታወጣው ክሩ እንዳይበጠስ ቀስ አለች።

«ይውሰዱ» አለች። «ብርድ የማን ልጅ ናት ብሎ አይጠይቅም።»

የሰጠ ይመርቃል፤ ልማዱ ነው። የዝና ልትመርቅ አፏን ከፈተች። ምርቃቱ እንቢ አላት። በመጨረሻው አንዲት ቃል ወጣች።

«አይብረዳት» አለች። ገብታም ደጇን ዘጋች።

ንጉሡ በየደጁ መዞሩን አልተወም። ሰውም ከለበሰው ልብስ ጫፍ እየመዘዘ ሰጠው። የመጨረሻውን ደጅ ለምኖ ከአንጓች ወይራ ሥር መጥቶ ተቀመጠ። ክሩ የተለያየ ነበር። ወፍራም አለ፤ ቀጭን አለ፤ የደበዘዘ አለ። አንጓች ነጩን ለሽመና ለየች፤ ለባለቀለሙ መርፌዋን አወጣች።

«ይህስ አይፈታም?» አላት ንጉሡ።

አንጓች መርፌዋን አስቀመጠች። ፊቱን አየች።

«ጃንሆይ፣ ክር ባለቤቱን አያውቅም» አለች። «ክር ክር ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን መጨረሻቸውን ሳልቋጥር የተውኳቸው እኔ ነኝ። ሲነሣ እንዲመዘዝ አድርጌ ነው የጠለፍኳቸው። እጄ ይኸው።» እጇንም ዘረጋችለት።

ንጉሡ የተዘረጋውን እጅ አየ። በመርፌ የተወጋጋ፣ የሻከረ እጅ ነበር።

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አላት።

«ሄደው ይዩ ብዬ በቃል ብነግርዎ ኖሮ ይመጡ ነበር?»

ንጉሡ አሰበ። «አልመጣም ነበር» አለ። እጇን ይዞ ወደ መርፌዋ መለሰው። «አሁን ቋጥሪው።»

በማግስቱ ንጉሡ ሸንጎ ጠራ። የአዛዥ ድልነሳው ጎተራ ተከፈተ። ክሩ፣ ጨውና እህሉ፣ ጋቢው ሁሉ ወጥቶ በሕዝብ ፊት ተዘረጋ። ድልነሳው «ያዘዙኝ ንጉሡ ናቸው» አለ።

«እውነት ነው» አለ ንጉሡ። «አዋጁ የኔ ነው። ስለ አዋጁ እኔ እጠየቃለሁ። ስለ ጎተራው አንተ ትጠየቃለህ።» የአገር ሽማግሎችም ፈረዱ። ድልነሳው ከሹመቱ ተሻረ። የወሰደውን በጀርባው ተሸክሞ በየደጁ እየዞረ እንዲመልስ፣ በየደጁም «ነጥቄያችሁ ነበር፣ ማሩኝ» እንዲል ተፈረደበት። የምትምረውም ነበረች፤ ደጇን የምትዘጋበትም ነበረች። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን እንዝርት ይዞ ለድኻ ልጆች ሲፈትል ኖረ። ንጉሡም አዋጁን በገዛ አፉ ሻረ። የቤተ መንግሥቱን ክር ሁሉ ለባለቤቶቹ መለሰ። ሽታዬም ተዳረች። ለየዝና ግን የሚመለስላት አልነበረም። ንጉሡ ይህን ያውቅ ነበር። ከደጇ ሄዶ፣ «የልጄ ክርስትና እናት ሁኚልኝ» ብሎ ለመናት።

«አልችልም» አለችው። «ክንዴ ገና የሷ ነው።»

ንጉሡ አልተቆጣም። ሌላም አልመረጠም።

የልዕልቲቱ ሰማንያ ቀን ደረሰ። የአገሩ ሰው ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰበ። ንጉሡ እንደ ማንኛውም አባት ጫማውን አውልቆ ከወንዶች መካከል ቆመ። አንጓች ቀሚሱን ታቅፋ ከሴቶቹ በኩል ቆመች። ካህኑ ሕፃኗን አጥምቀው ከውኃው አወጧት። እርጥብ ገላዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ክርስትና እናቷ ማን ናት?» አሉ።

የመለሰ የለም። ንግሥቲቱ ንጉሡን አየችው። ንጉሡ ራሱን ዝቅ አደረገ። ካህኑ ደግመው ጠየቁ። የመለሰ የለም። ሕፃኗ አለቀሰች። ካህኑ ሦስተኛ ሊጠይቁ ሲሉ ከሴቶቹ በር አጠገብ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«እኔ ነኝ።»

የዝና ነበረች። የሐዘን ልብሷን እንደ ለበሰች መጥታለች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። አንጓች ቀሚሱን ዘረጋችላት። የዝና ሕፃኗን ተቀበለች፤ ቶሎ ቶሎም አለበሰቻት። እጅጌውን ሳበችላት። አንገቷን ሸፈነችላት። ከዚያ በኋላ ወደ ደረቷ ልጥፍ አደረገቻት። ሕፃኗ ሙቀቱ ተሰማትና ዝም አለች። የዝና ግን፣ ልጇን ከቀበረች ጀምሮ ያልወጣላት ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣላት። አንጓች ከጀርባዋ ቆማ ደገፈቻት። የከለከላት የለም፤ ቅዳሴውም ጠበቃት።

ልዕልቲቱ አደገች። ሁለት እናት እንዳላት ታውቅ ነበር፤ በዓል በመጣ ቁጥር አስቀድማ የምትስመው የየዝናን ጉልበት ነው። በድርማም ከዚያ ወዲያ ንጉሥ ልጅ ሲወለድለት ጫማውን አውልቆ ክር ይለምናል። ሽማግሎቹም ለልጅ ልጆቻቸው እንዲህ እያሉ ያስተምራሉ፦

የነጠቁት ሐር ገላ ይልጣል፤ የለመኑት ጥጥ አጥንት ያሞቃል።

ተረቱም የናንተ ይሁን፣ ምርቃቱም የናንተ ይሁን።